ሴሎቹ ጄሉ ላይ አልይዝ ሲሉ

ሴል የሚያድግበት የላብራቶሪ ፕላስቲክ ከአንጎልም ከጡንቻም እጅግ ይጠነክራል። ሴሎች ደግሞ ይህን ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ዴኒስ ዲሸርና ባልደረቦቹ የሰው ስቴም ሴሎችን (ወደ ተለያየ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችሉትን) ጥንካሬው በሚለያይ ጄል ላይ አሳደጉ። በጣም ለስላሳው ላይ ያሉት ወደ ነርቭ፣ መካከለኛው ላይ ያሉት ወደ ጡንቻ፣ ጠንካራው፣ ከ25 እስከ 40 ኪሎፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ ነው) ባለው ላይ ያሉት ደግሞ ወደ አጥንት ሴል አዘነበሉ። ጄሉ ፖሊአክሪላማይድ ነበር። ርካሽ ነው፣ ጥንካሬውም እንደ ልብ ይስተካከላል። አመሉ ግን አይጣል ነው።

ሴሎቹ ክብ ሆነው ይንሳፈፋሉ? ከሁሉም የሚበዛው ችግር ይሄ ነው። ብዙ ሰው ወዲያው ሴሉን ይጠረጥራል። በመጀመሪያ ከዚያው ጠርሙስ ጥቂት ወስዳችሁ ተራ ፕላስቲክ ላይ ዝሩ። እዚያ ከያዙ ጥፋቱ የጄሉ ነው። ፖሊአክሪላማይድ በራሱ ፕሮቲን አይይዝም፤ ሴል ደግሞ የሚጨብጠው ፕሮቲኑን ነው። ስለዚህ ኮላጅን የሚባለውን ፕሮቲን ከጄሉ ጋር የሚያያይዝ ሰልፎ-ሳንፓ የሚባል ኬሚካል ይቀባል። ይህ ኬሚካል ብርሃን አይወድም፣ ውሃ ውስጥ ሲቆይም አቅሙን ያጣል። ጠዋት በጥብጦ ከሰዓት መጠቀም የለም። ልትቀቡ ስትሉ በጥብጡት፣ ወዲያው አልትራቫዮሌት መብራት ስር አድርጉት። ብርቱካናማው ቀለም ወደ ቡናማ ካልጠቆረ አልሠራም ማለት ነው። ከዚያ ቶሎ አጥባችሁ ኮላጅኑን ጨምሩ።

ጄሉ አልረጋ ካለ ኦክስጅን እየከለከለው ነው፣ ወይም ጄሉን የሚያረጋው ኬሚካል፣ አሞኒየም ፐርሰልፌት፣ አርጅቷል። አየሩን በቫኪዩም አስወጡ፣ ፐርሰልፌቱንም አዲስ በጥብጡ። ጄሉ ከተሠራበት መስታወት የሚላቀቅ ከሆነ መስታወቱ በሳይሌን (ጄሉን ከመስታወት ጋር በሚያያይዘው ኬሚካል) በደንብ አልታከመም።

ሴሎቹ ጄሉን ይዘው በማግስቱ የሚሞቱ ከሆነ ያልረጋ አክሪላማይድ (የጄሉ ጥሬ ዕቃ) ቀርቶ ይሆናል፤ መርዝ ነው። ጄሉን በፒቢኤስ (ለሴል በሚስማማ የጨው ውሃ) ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ሌሊቱንም እዚያው ዘፍዝፉት። እናንተም ጓንት አትርሱ።

አንድ ተንኮለኛ ችግር አለ። ሁሉም ያምራል፣ ግን ለስላሳውና ጠንካራው ጄል አንድ ዓይነት ውጤት ይሰጣሉ። ጄሉ ከቀጠነ ሴሉ ከስር ያለውን መስታወት ይዳስሳል። ወፈር አድርጉት። ጥንካሬውንም ከአዘገጃጀት ሰንጠረዥ አትቅዱ፤ ጄሉ ውሃ ጠጥቶ ካበጠ በኋላ ራሳችሁ ለኩት። የኮላጅኑ መጠንም በሁለቱ ላይ እኩል መሆኑን አረጋግጡ፤ አለዚያ የምታወዳድሩት ጥንካሬን ሳይሆን ኮላጅንን ነው።

ፕላስቲክ ላይም ሴሎቹ ከደከሙ፣ ሚዲየሙ (የሚያድጉበት ፈሳሽ) ግን ጥርት ካለ፣ ማይኮፕላዝማ የሚባለውን ጥቃቅን ባክቴሪያ ጠርጥሩ። በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፤ የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊንም አይነካውም። በፒሲአር (ዲኤንኤውን አባዝቶ በሚያሳይ ምርመራ) መርምሩ። ከተገኘ ያንን ሴል ጣሉትና ንጹሕ ከሆነው የቀዘቀዘ ክምችት አዲስ አውጡ።