«ዋይ»ን (Y፣ የእሺታ ቁልፉን) ከመንካታችሁ በፊት

ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን የተባሉትን የሊኑክስ ስርዓተ ክወናዎች ለጀመራችሁ አንዲት ነገር ልንገራችሁ። ፓኬጅ (ፕሮግራም) ከመጫናችሁ በፊት ተርሚናሉ (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ «አፕት ዲፔንድስ» (apt depends) ብላችሁ የፓኬጁን ስም አስከትሉ። አብረውት የሚመጡት ይዘረዘራሉ። «ዲፔንድስ» የተባለው ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ አይሆንም። «ሬኮሜንድስ» ግዴታ ባይሆንም ካልከለከላችሁት አብሮ ይጫናል። ዳታ የሚበላውም አንዳንዴ እሱ ነው። «ሰጀስትስ» ጥቆማ ብቻ ስለሆነ እለፉት።

ከዚያ የመጫኛው ትዕዛዝ (apt install) ላይ «ሰረዝ ኤስ» (-s) ጨምራችሁ ሞክሩት። ምንም ሳይጭን ሊያደርግ ያሰበውን ያሳያችኋል፤ ሱዶም (የአስተዳዳሪ ፈቃድ) አያስፈልገውም። እኔ ቀድሜ የማየው የሚጨመረውን ሳይሆን «ሪሙቭድ» (በአዲሶቹ ስሪቶች «ሪሙቪንግ») የሚለውን፣ ማለትም የሚጠፋውን ነው። አንዴ ሳላነብ «ዋይ» ነክቼ የዴስክቶፑን ድራሽ አጥፍቼዋለሁ።