አንድ አዳራሽ፣ አራት ጥያቄ፦ ሕዝብ ፊት የሚቆም ኃላፊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ በሚጀምርበት ሰፈር፣ ለዓመታት የሕዝብ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። አዳራሹ የቆርቆሮ ነው። ክረምት ላይ በረዶ ሲጥል የተናጋሪው አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ይታያል። ከፊት በቀኝ በኩል ጋቢያቸውን ያጣፉ ገበሬዎች ይቀመጣሉ። መካከሉን የኮንዶሚኒየም ባለዕጣዎች ይይዙታል፤ ውላቸውንና የባንክ ደረሰኛቸውን በፕላስቲክ ማህደር አቅፈው ነው የሚመጡት። ከኋላ የጨረቃ ቤት የሠሩት አሉ፣ አብዛኞቹ ልጅ ያዘሉ እናቶች። ሥራ የሌላቸው ወጣቶች በሩን ተደግፈው ይቆማሉ። ገበሬው መሬቴን ይላል፣ ባለዕጣው ቤቴን፣ እናቲቱ አታፍርሱብኝ፣ ወጣቱ ሥራ። አራቱም የሚናገሩት ስለዚያው ስለ አንድ ሜዳ ነው።

በዚያ መድረክ ላይ ክፋት አስበው የመጡ ኃላፊዎች ጥቂት ናቸው። አንደበታቸው የጣላቸው ግን ብዙ ናቸው። እንዴት እንደወደቁ ቁጭ ብዬ ስጽፍ ስለነበር፣ ለተተኪዎቻቸው ይጠቅም እንደሆነ ያየሁትን ልናገር።

ለእያንዳንዱ ታዳሚ የሚጥመውን መልስ ማደል

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ የሌሎቹ ስህተቶች እናትም እሱ ይመስለኛል።

አንድ ኃላፊ ነበሩ፤ ስማቸውም መሥሪያ ቤታቸውም ይቆየን። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገበሬዎቹን ሰበሰቡ። «ከእንግዲህ አንድ ስንዝር መሬት ከእናንተ አይወሰድም» አሉ። ተጨበጨበላቸው፤ ሽማግሌዎቹም መረቋቸው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚያው ወንበር ባለዕጣዎቹ ተቀመጡ። «የቀሩት ብሎኮች ግንባታ ከመስከረም አያልፍም» አሉ። እንደገና ጭብጨባ። የቀሩት ብሎኮች የሚያርፉት ደግሞ ጠዋት ስንዝሩ አይነካም በተባለው ማሳ ላይ ነበር። ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የጠዋቱን በደብተሩ ግራ ገጽ፣ የከሰዓቱን በቀኙ።

ኃላፊው አንድ ነገር አላሰቡም። የገበሬው ልጅ በየማለዳው ወተት የምታደርሰው ቀድመው ቤት ለደረሳቸው ለእነዚያው ለኮንዶሚኒየም ሰዎች ነው። በማግስቱ ደረጃው ላይ ወተት ሲለካ ሁለቱ የስልክ ቅጂዎች ተገናኙ። እስከ እሑድ ሁለቱ ድምፆች ተቀጥለው በቴሌግራም ሰፈሩን አዳረሱት። በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ አባት ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ልጄ፣ የጠዋቱን እንያዝ ወይስ የከሰዓቱን?»

የከተማ ዳር ሰው በጥያቄ ይለያይ እንጂ በኑሮ ተጋምዷል። አንድ ታክሲ ይሳፈራል፣ አንድ ወፍጮ ቤት ያስፈጫል፣ ዕድርም ይጋራል። ስለዚህ ከመናገርዎ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ አራቱም ወገኖች አንድ ላይ ተቀምጠው ሳሉ ቃል ሳይቀይሩ ሊያነቡት የሚችሉት ዓይነት። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ካጡ ገና ውሳኔ የለዎትም ማለት ነውና ስብሰባውን ያራዝሙት።

ሰውን በጥፋቱ ስም መጥራት

«ሕገ ወጥ ግንባታ» እና «ሕገ ወጦች» በወረቀት ላይ ጎረቤት ይመስላሉ። የመጀመሪያው ስለ ግድግዳና ጣሪያ ይናገራል፤ ሁለተኛው ሰውን ከነልጆቹ ይጠቀልላል። «መጤ»፣ «ወራሪ»፣ «ሰፋሪ» የሚሉት ደግሞ ከአፍ ከወጡ በኋላ ማንም አይሰበስባቸውም፤ በእኛ አገር እንዲህ ያሉ ቃላት በስተጀርባቸው ብሔር ይጎትታሉ። ተናጋሪው ያላሰበውን ሰሚው ይጨምርበታል።

አንድ ጊዜ አንድ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ወደ ኋላ ወንበሮች እየጠቆመ «ሕገ ወጦቹ» አለ። አንዲት እናት ልጇን እንዳዘለች ብድግ አለች። ከጉያዋ የታጠፈ የመብራት ሂሳብ ደረሰኝ አወጣች።

«ወንድሜ፣ እኔ ሕገ ወጥ አይደለሁም፤ ካርታ የሌለው ቤቴ ነው። ቆጣሪውን ያስገባልኝ ማን ሆነና ነው?»

ባለሙያው በሕጉ ልክ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። እሷ ደግሞ ከገበሬ ላይ በሦስት ምስክር ፊት በወረቀት ገዝታለች፤ ያ ወረቀት ፍርድ ቤት ቢደርስ አይቆምላትም። ይህን ሁሉ ሰውየው በትሕትና ሊነግራት ይችል ነበር። ግን አንዴ «ሕገ ወጦቹ» ብሏልና ከዚያ በኋላ ስለ አንቀጽ 40 የሰማው ሰው አልነበረም። ቤቱን እንጂ ባለቤቱን አይጥሩ።

ማመጣጠን ማለት ለሁለት መክፈል ነው ብሎ ማሰብ

ተፃራሪ ጥያቄ ሲቀርብለት ብዙ ኃላፊ ሚዛን እንደያዘ ነጋዴ ይሆናል፤ ለዚህ ትንሽ፣ ለዚያ ትንሽ። ጥያቄዎች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ በሕግ የተጻፈ መብት ነው፣ አንዱ የተፈረመ ውል፣ አንዱ ደግሞ ምኞት። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ የሚናገሩ ሰው ለምኞቱ ቃል ገብተው መብቱን «እናየዋለን» ይሉታል።

የካሳን ጉዳይ እንይ። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የሚያገኘው የማፈናቀያ ካሳ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢው በአሥር ተባዝቶ ነበር። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን ለወጠው፤ ተመጣጣኝ መሬት ካልተገኘ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት የላቀው የአንድ ዓመት ገቢ በአሥራ አምስት ይባዛል። ይህ የተጻፈ ነገር ነው። አንድ ኃላፊ መድረክ ላይ «ካሳውን በተመለከተ መንግሥት ያስብበታል» ሲሉ ሰምቼ ብዕሬን አስቀምጬ አየኋቸው። ያለቀለትን መብት እንደ ልመና አስመሰሉት።

በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ወሰን ላይ ያለውን የኮዬ ፈጬን ኮንዶሚኒየም ደግሞ ማን ይረሳል? የካቲት 27 ቀን 2011 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የ51,229 ኮንዶሚኒየም ቤቶችን ዕጣ አወጣ። ባለዕጣዎቹ ከ2005 ምዝገባ ጀምሮ፣ አንዳንዶቹም ከ1997 ጀምሮ የጠበቁ ናቸው። በቀናት ውስጥ በኦሮሚያ ከተሞች ተቃውሞ ተነሣ፣ የክልሉ መንግሥትም ተቃወመ፤ ቤቶቹ የተሠሩት በእኛ ወሰን ውስጥ ነው፣ የተነሡት ገበሬዎችስ የሚል ነበር ጥያቄው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮሚቴ አቋቋሙ። የሁለቱ አስተዳደሮች የወሰን ስምምነት ይፋ የሆነው ግን በ2014 መጨረሻ ነው። በእኔ እይታ ገበሬውም ባለዕጣውም አላጠፉም። ጥፋቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፤ ወሰኑ የማን እንደሆነ ሳይቋጭ ዕጣው ወጣ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49(5) የኦሮሚያ ልዩ ጥቅም በሕግ እንደሚወሰን ያሰፈረው በ1987 ነበርና ጥያቄው ለማንም ድንገተኛ አልነበረም። አስቀድሞ የሚፈታ ነገር ካለ «ይህ ሳያልቅ ያኛውን ቃል አልገባም» ማለት በዕለቱ ያስጮሃል። የኮዬን ያህል ግን አያስጮህም።

«በቅርቡ»

በቃለ ጉባኤዎቼ ውስጥ ይህን ቃል መቁጠር ጀምሬ ሰልችቶኝ ተውኩት።

ለገዳዲ ግድብ ለአዲስ አበባ ውሃ መስጠት ከጀመረ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው። ወደ ከተማዋ የሚሄደው ውሃ በእኛ በኩል ያልፋል። ሴቶቹ ግን ቢጫ ጀሪካን ይዘው ቦቴ ይጠብቃሉ። ይህን እያየ ለሚኖር ሰው «በቅርቡ» ስድብ ነው።

አንድ ወጣት የውሃ ባለሙያ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። «የመስመሩን ቀን አላውቅም፤ ብናገር እዋሻለሁ። ሐሙስ ቦቴ ይመጣል፤ ካልመጣ እኔን ጥሩኝ» ብሎ ስልኩን በሰሌዳው ላይ ጻፈ። ቦቴው የመጣው ዓርብ ነበር። ማንም አልተቆጣም። አንዲት አሮጊት ብቻ ደውለው እርግማን አውርደውበታል፤ እሳቸውም ቅዳሜ ቡና ጠርተውታል።

ቀልድ፣ እና የተዘጋ የሚመስል ማይክሮፎን

እነዚህን ሁለቱን ቶሎ ልለፋቸው። በመስከረም 2011 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ኢማኑኤል ማክሮን ሥራ ላጣ ወጣት አትክልተኛ መንገዱን ቢሻገሩ ሥራ እንደሚያገኙለት ነገሩት። ከሁለት ወር በኋላ ቢጫ ሰደርያ ለባሾች አደባባይ ሲወጡ ያ ቃል አብሯቸው ወጣ። እኛም አዳራሽ አንድ ኃላፊ በር ላይ ለቆሙት ወጣቶች ፈገግ ብለው «ድንጋይ መፍለጥም እኮ ሥራ ነው» አሉ። «ድንጋዩም አልቋል ጌታዬ» የሚል ድምፅ መጣ። የጠገበ ሰው በራበው ላይ ሲቀልድ ቀልዱ ሌላ መልክ ይይዛል።

ማይክሮፎኑን በተመለከተ የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ጎርደን ብራውን ይበቁናል። በሚያዝያ 2002፣ ምርጫ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩ፣ አንዲት መራጭ አነጋግረው መኪናቸው ውስጥ ከገቡ በኋላ ስለ ሴትየዋ ክፉ ቃል ተናገሩ። የደረታቸው ማይክሮፎን ክፍት ነበር። ዛሬ ማይክሮፎኑ በየሰው ኪስ ውስጥ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ያልተቀመጠውን መርሳት

የአዲስ አበባን ዙሪያ የሚያካትተው የተቀናጀ ማስተር ፕላን በሚያዝያ 2006 ተቃውሞ ሲያስነሣ፣ በኅዳር 2008 ከጊንጪ ተነሥቶ ሲስፋፋ፣ ከዚያም በጥር 2008 ሲሰረዝ ደጋግሞ ይሰማ የነበረው ቅሬታ ማን ጠየቀን የሚል ነው።

እኔን ግን ይበልጥ የሚከነክነኝ የሰንዳፋ ጉዳይ ነው። ከተማዋ ቆሻሻዋን ከቆሼ አውጥታ ወደ ሰንዳፋ ማዞር ፈለገች፤ ተገቢ ጥያቄ ነበር። አዲሱ ማራገፊያ በጥር 2008 ሥራ ጀመረ። የሰንዳፋ ገበሬዎች ሽታውንና የውሃ ብክለቱን ተቃወሙ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። በዚያው ዓመት ክረምት መኪኖቹ ቆሙ፣ ከተማው በቆሻሻ ክምር ተጥለቀለቀ፣ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቅዳሜ ምሽት የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። የከተማው አስተዳደር ስለ ከተማው ተናገረ፣ ገበሬው ስለ ማሳው ተናገረ። ክምሩ ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩት ግን በየትኛው ስብሰባ ላይ ወንበር ነበራቸው?

ከመናገርዎ በፊት ዞር ብለው ማን እንደቀረ ይጠይቁ። የእኛ አዳራሽ ውስጥ ለምሳሌ ተከራይ መጥቶ አያውቅም፤ የቤት ባለቤት አይደለማ።

«ከአውድ ውጪ ተቆርጦ ነው»

መለስ ዜናዊ ባንዲራን ጨርቅ ነው ያሉትን ንግግር ደጋፊዎቻቸው በዚህ መንገድ ለማስረዳት ስንት ዓመት ደከሙ። ማብራሪያው ትክክል ነበር አልነበረም ሌላ ክርክር ነው። የሰንደቅ ዓላማ ቀን መከበር ከጀመረ በኋላ እንኳ ያ ቃል አብሮ ይነሣ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ማረም የሚቻለው በጊዜው፣ በዚያው መድረክ፣ ምን እንደተሳሳቱ በስሙ ጠርተው ሲያርሙ ነው። ዐቢይ አሕመድ መጋቢት 24 ቀን 2010 ሥልጣን በያዙበት ንግግር ለጠፋው ሕይወት ይቅርታ ሲጠይቁ ብዙ ሰው ጆሮውን የሰጠው ጉዳዩ በግልጽ ስለተጠራ ነው። «ቅር የተሰኘ ካለ» ብሎ የሚጀምር ይቅርታ ጥፋቱን ወደ ሰሚው ያሻግራል።

እነዚያ የጠዋትና የከሰዓት ኃላፊም መጀመሪያ ያደረጉት ይህንኑ ነው። ድምፁ የተቆራረጠ ነው የሚል ማስታወቂያ አስለጠፉ። ሽማግሌው ከጠየቋቸው በኋላ ደግሞ ማምሻውን ቢሮዬ መጡ።

«እስቲ ያቺን የከሰዓቷን መስመር ብታስተካክላት?» አሉኝ።

«ገጹ ቁጥር አለው፣ ማኅተምም ተመቶበታል ጌታዬ» አልኳቸው። ደብተሩን ዘርግቼ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አሳየኋቸው። ቆመው አነበቡ። ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁሉንም በአንድ ሰዓት ጠሩ። ደብተሩን ከእጄ ተቀብለው ግራውን ገጽ አነበቡ፣ ቀኙንም አነበቡ፤ «ሁለቱም የኔ ቃል ነው፣ ሁለቱንም የማለት ሥልጣን አልነበረኝም፤ የማሳው ጉዳይ ሳይወሰን ግንባታ አይጀመርም» አሉ። ባለዕጣዎቹ ጮኹ፣ ግማሾቹ ወንበራቸውን ገፍተው ወጡ። ገበሬዎቹም አላጨበጨቡም። ሽማግሌው ብቻ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው «እሺ፣ መቼ ነው የሚወሰነው?» ብለው ጠየቁ፤ ስብሰባው እስከ ሰባት ሰዓት ቆየ።