የዛገ አሮጌ ፒክአፕ ማደስ ለጀማሪ፦ ከሻንሲው እስከ ቀለሙ

ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት ትንሽ መዶሻና ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይዛችሁ መኪናው ሥር ግቡ። አሮጌ ፒክአፕ የሚድን መሆኑ የሚታወቀው እዚያ ነው። ለምሳሌ የያዝነው አገራችን ውስጥ ሞልቶ ያለውን፣ ከ1988 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. የተመረተውን ባለናፍጣ ቶዮታ ሂሉክስ ነው፤ ሌሎች ባለሻንሲ ፒክአፖችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። ጋቢናውና ካሶኒው (የኋላው የጭነት ሣጥን) መኪናውን በሚሸከመው የብረት አጽም፣ ማለትም ሻንሲው ላይ፣ በቡሎን የታሰሩ ናቸው። ስለዚህ ጋቢና ቢበሳ ላሜራ ይለጠፋል፣ በር ቢበላ ሌላ በር ተፈልጎ ይገጠማል። ሻንሲው ውስጡ ካለቀ ግን ላዩ ላይ የሚፈሰው ገንዘብ ሁሉ ከንቱ ነው።

ሻንሲውን ማንኳኳት

መጀመሪያ በግፊት ውሃ እጠቡት። ሻንሲው አብዛኛው ክፍሉ እንደ ሣጥን የተዘጋ ነው፤ በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ጭቃ ገብቶ ይጠቀጠቅና ክረምቱ ካለፈም በኋላ እርጥበት ይዞ ይቆያል። ብረቱ ከውስጥ ወደ ውጭ የሚበላው ለዚህ ነው። በየቀዳዳው ውሃ ልቀቁበት፣ የሚወጣው እስኪጠራ ድረስ አታቁሙ፣ ከዚያ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይድረቅ።

ሲደርቅ ከፊት ጀምራችሁ በየስንዝሩ አንኳኩ። ጤነኛ ብረት እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል፣ ቅርፊትም ይረግፋል። ድምፁ የታፈነበት ቦታ ላይ ካቻቢቴውን ጠንከር አድርጋችሁ ግፉ። ከኋላ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች ከሚያከፋፍለው ክፍል) በላይ ሻንሲው የሚጎብጥበትን ቦታ፣ የባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከመው ድርብርብ ብረት) መያዣዎቹን ዙሪያ፣ ተሻጋሪ ብረቶቹ የተበየዱበትን መጋጠሚያና ከጋቢናው ጀርባ ያለውን ክፍል በጥንቃቄ እዩ። ቀጥ ባለው ክፍል ላይ አንድ ቀዳዳ ከተገኘ ሻንሲ የሚያውቅ በያጅ ይጠግነዋል። ካቻቢቴው ባሌስትራ መያዣ ወይም የመሪው ሣጥን አጠገብ ከገባ፣ ወይም ሦስት አራት ቦታ ከበሳ፣ ለመጀመሪያ ሥራ የሚሆን መኪና አይደለም፤ ሌላ ፈልጉ። የሻንሲ ብየዳም የጀማሪ መለማመጃ አይደለም፤ ያ ብረት የሰው ሕይወት ተሸካሚ ነው።

መኪናው የት ሲሠራ እንደኖረ መጠየቅም ብዙ ይጠቅማል። ደረቅ ቆላ ውስጥ የኖረ ፒክአፕ ላዩ ቀይ መስሎ ዝገቱ የቆዳ ያህል ሊሆን ይችላል። አፍዴራ ጨው የጫነ ወይም ጅቡቲ ወደብ የከረመ ግን ከላይ አምሮ ውስጡ ሊያልቅ ይችላል፤ ጨው እርጥበት ከአየር እየሳበ ዝገቱን ያፋጥነዋልና። እንዲህ ያለውን በተለያየ ቀን ሦስት አራት ጊዜ እጠቡት።

አንድ ነገር አደራ፦ የሻንሲ ቁጥሩ ከፊት ቀኝ ጎማ አጠገብ ሻንሲው ላይ ተቀርጿል። እዚያ ቦታ ግራይንደር አታስጠጉ። በእጅ የሽቦ ብሩሽ ቀስ ብላችሁ አጽዱትና ግራሶ ቀቡት። ቁጥሩ ከጠፋ ሊብሬው ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው ነገር ያጣል፣ ምርመራ ላይም ትቸገራላችሁ።

መፍታት

የባትሪውን ነጌቲቭ አላቁ። እያንዳንዱን ክፍል ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ቡሎንና ዳዶውን በትንሽ ፌስታል አድርጋችሁ ከየት እንደወጣ ጻፉበት። ይህን ያልለመደ ሰው ሥራው የሚቆምበት በዝገት ሳይሆን የቱ ቡሎን የት እንደነበር ጠፍቶት ነው።

የዛገ ቡሎን በጉልበት አይፈታም፣ ይሰበራል። ከዋዜማው ዝገት ማላቀቂያ ረጭታችሁ አሳድሩት፣ ጠዋት ድገሙት። አናቱን በመዶሻ ሁለት ሦስት ጊዜ ምቱ፤ መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቅ አዙሩት፣ ከዚያ ወደ መፍታት፣ ከነቃነቀ ደግሞ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ አውጡት። ባለ 6 ጎን ድፍን መፍቻ ተጠቀሙ፤ ባለ 12 ጎኑ የዛገ ዳዶ ጠርዝ ይልጣል። የካሶኒውን ቡሎኖች ግን አትታገሏቸው። በግራይንደር ቆርጣችሁ በአዲስ ብትተኩ ግማሽ ቀን ታተርፋላችሁ። ካሶኒውን ለማንሳት የመብራቱን ሽቦና የነዳጅ መሙያውን ቱቦ አላቁ፣ አራት ወይም ስድስት ሰው ጥሩ።

ሦስቱ ዝገቶች

የላይኛው ዝገት ቀይ ዱቄት ነው። የሽቦ ብሩሽ በግራይንደር፣ ቀጥሎ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ነጭ ብረት ሲታይ በቃ።

ሁለተኛው ብረቱን ጉድጓድ ጉድጓድ ያደረገው ነው። ብሩሽ ጉድጓዱ ውስጥ ስለማይደርስ ዝገት መቀየሪያ ያስፈልገዋል፤ ዝገቱን ወደ ጥቁር ሽፋን የሚለውጥ ፈሳሽ ነው። የሚረግፈውን ቅርፊት ካላነሳችሁ ከላዩ ብቻ ጠቁሮ ከሥር መብላቱን ይቀጥላል። ትንንሽ ዕቃ፣ እንደ በር ማጠፊያና የመቀመጫ ብረት፣ አቼቶ ውስጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይዘፍዘፍ። ሲወጣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁና ቀቡት፤ ካለበለዚያ በሰዓት ውስጥ እንደገና ቀይ ይሆናል። የባሌስትራና የመሪ ቡሎኖችን ግን አትዘፍዝፉ፤ አሲድ ጠንካራ ብረትን ተሰባሪ ያደርጋል።

ሦስተኛው ብረቱን በልቶ ያለፈው ነው፦ በጣት ሲጫኑት የሚሰምጥ። ቆርጦ ከማውጣት በቀር መድኃኒት የለውም። የሚገኘውም በታወቀ ቦታ ነው፦ የበሮቹ የታችኛው ጠርዝ፣ የጋቢናው የኋላ ታችኛ ጥጎች፣ የፊት መስታወቱ ጎማ ሥር፣ የሾፌሩ ምንጣፍ ሥር ያለው ወለል፣ ከጎማው በላይ ያለው የካሶኒው ቅስት። ሁሉም ቦታ ላይ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ውሃ ይገባል፣ መውጫ ያጣል። የበሩን የታች ጠርዝ ገልብጣችሁ እዩ፦ ሦስት አራት ትንንሽ የውሃ መውረጃ ቀዳዳ አለው፣ አፈርና የቀድሞው ቀለም ደፍኖታል። በሽቦ ስትወጉት ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ ካለ በሩ ለምን እንደዛገ አወቃችሁ። ላሜራውን ለጥፋችሁ ቀዳዳውን ካልከፈታችሁ ሥራው እንደገና ይመጣል።

ላሜራ መለጠፍ

ለጋቢናና ለካሶኒ ከ0.8 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ላሜራ ውሰዱ። የተበላውን ቦታ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር አልፋችሁ ጤነኛ ብረት ላይ ቁረጡ። ጀማሪ ቀዳዳውን ብቻ አንስቶ በቀጭኑ ጠርዝ ላይ ለመበየድ ሲሞክር ብረቱ ይቀልጥና ቀዳዳው በእጥፍ ይሰፋል። ልኩን በካርቶን አውጡ፣ ላሜራውን በዚያ ቁረጡ፣ ጥጎቹን ክብ አድርጓቸው።

ሚግ ብየዳ (ሽቦ እየመገበ የሚበይድ ማሽን) ካገኛችሁ እሱን ተጠቀሙ። በኤሌክትሮድ ብየዳ ቀጭን ላሜራ መያዝ ልምድ ላለውም ይከብዳል። አንዴ ዘርግታችሁ አትበይዱ፦ ነጠብጣብ አንድ እዚህ፣ ቀጣዩ ከማዶ፣ በየ2 ሳንቲ ሜትሩ፤ እጅ መንካት እስኪችል ጠብቁና መሃሉን ሙሉ። ከተቻኮላችሁ ሙቀቱ ላሜራውን እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ያወዛውዘዋል፣ ከዚያ በኋላ ማቃናቱ በጣም ይከብዳል።

ብየዳው ከመጀመሩ በፊት የነዳጅ ታንኩ ይውረድ፣ ምንጣፍና ስፖንጅ ይውጣ፣ የዲናሞው ሽቦ ይላቀቅ፣ አሸዋ በባልዲ አጠገብ ይቀመጥ። ዚንክ የተቀባ ላሜራ ከሆነ ዚንኩን መጀመሪያ ፍቁት፤ ጭሱ ማታ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል። ወተት ጠጥቶ መበየድ መከላከያ አይደለም፤ መከላከያው አየርና ጭምብል ነው።

ስቱኮ ላሜራ አይደለም

አሮጌ መኪና ሲገዛ ማግኔት ይዞ መዞር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፦ ማግኔቱ የማይይዝበት ቦታ ስቱኮ (ጎድጓዳ ቦታ የሚሞላ ሊጥ መሰል ማስተካከያ) ተጠቅጥቆበታል። ከሥሩ ጋዜጣ ወይም ስፖንጅ ታጭቆ ቀዳዳው በስቱኮ የተደፈነ የጋቢና ጥግ ያጋጥማል። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ቀዳዳ ላይ ከተደፈነ ከኋላው እርጥበት እየጠጣ ብረቱን ያበሰብሳል፣ በአንድ ሁለት ክረምትም ተነፍቶ ይነሳል። ሥራው የተበየደውን ቦታ ማስተካከል ብቻ ነው። ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ከጎደጎደ ብረቱን በመዶሻ አውጡት።

ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም ያህል ማጠንከሪያ ይበቃል። ማጠንከሪያው ከበዛ፣ ኋላ ላይ ቀለሙን አልፎ ቢጫ ወይም ቀይ ነጥብ ያወጣል፤ ካነሰ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በአምስት ደቂቃ የምትጨርሱትን ያህል ብቻ ለውሱ። የተበየደው ቦታ ከኋላው በኩልም አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል ቀለም) መቀባት አለበት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው፣ ብዙ ሥራም የሚበላሸው በዚህ ነው።

ቀለም

ስቱኮውን በ80 ጀምራችሁ በ180፣ ከዚያ በ320 አለስልሱ። አንቲረስት፣ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ)፣ በ600 ቁጥር ወረቀት በውሃ ማለስለስ፣ ከዚያ ቀለም። በውሃ ካለሰለሳችሁ በኋላ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ፤ ፕራይመር ውሃ ስለሚያስገባ ፕራይመር ብቻ የተቀባ መኪና ክረምት ውጭ አይደር። ከሰኔ እስከ መስከረም መርጨትም አይመከርም፤ እርጥበት ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ኮምፕሬሰሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ከየሥራው በፊት አፍስሱ። የቀለም መርጫውን ሽጉጥ ከላሜራው ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር አርቃችሁ ያዙ፣ እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን በግማሽ ይሸፍን፣ በአንዱ እጅ ቀለምና በቀጣዩ መካከል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። ማጠንከሪያ የሚጨመርበት ቀለም ሳንባ ይጎዳል፤ የጨርቅ ማስክ አይበቃውም፣ ለኬሚካል የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ያስፈልጋል። ቀለሙን ከቀየራችሁ ሊብሬው ላይም ይቀየር።

የውስጡን ሣጥኖች፣ ማለትም የበር ታች፣ የጋቢና ጥግና የሻንሲ ውስጥ፣ ሰም ያለው መከላከያ ርጩባቸው። የተቃጠለ ዘይት ሥሩን መቀባት የተለመደ ነው፣ ግን ዘይቱ የባሌስትራውን ቡሽና የፍሬን ጎማ ያበላሻል።

ፍሬንና ሞተር

መቆም የማይችል መኪና መሄድ የለበትም፣ ስለዚህ ፍሬኑ ይቀድማል። ከኋላ ዲፈረንሻል ላይ ያሉት የብረት ቱቦዎች ከዛጉ ቀይሯቸው፤ በብየዳም በማጣበቂያም አይጠገኑም። ከዲፈረንሻሉ በላይ ጭነት እየለካ የኋላ ፍሬኑን የሚያስተካክል ቫልቭ አለ፤ ክንዱ ዝጎ ከደረቀ የኋላው ጎማ ወይ ያለጊዜው ይቆልፋል ወይ አይይዝም። ዶት 3 የፍሬን ዘይት ሙሉ በሙሉ ቀይሩ፣ አየሩን ከፍሬን ፖምፓው ከራቀው ጎማ ጀምራችሁ አውጡ፦ ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት። ጠብታው አዲሱን ቀለም ይልጣልና በውሃ እጠቡት።

ለረጅም ጊዜ የቆመ 2ኤል ወይም 3ኤል (የሂሉክሱ ናፍጣ ሞተሮች) ሞተር ከመነሳቱ በፊት የታይሚንግ ቺንጋው ይቀየር፤ 100,000 ኪሎ ሜትር ዕድሜው ነው፣ ከተበጠሰ ቫልቩ ፒስተኑን ይመታል። አሮጌው ናፍጣ ይፍሰስ፣ ፊልትሮዎቹ ይቀየሩ፣ በናፍጣ ፊልትሮው አናት ያለውን የእጅ ፖምፓ እስኪጠነክር ተጫኑ። ራዲያተሩ ይጠረግ፤ የእነዚህ ሞተሮች ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ከመጠን በላይ ከሞቀ መሰንጠቅ ይወዳል።

500 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ የጎማ ዳዶዎቹንና ባሌስትራውን ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚያስሩትን የዩ ቅርጽ ቡሎኖች ድጋሚ አጥብቁ። የመጀመሪያው ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ምንጣፉን አንሱና ወለሉን በእጃችሁ ዳሱ። ከራሰ መጀመሪያ የምታዩት የፊት መስታወቱን ጎማ ነው።