ስም ጠርተህ የመጣልህን ሁሉ ራጅ አታንሳ (እና ሌሎች የራዲዮግራፊ ተማሪ ስህተቶች)

ትናንት ያው ነገር ተደገመ። ለልምምድ የተመደበች የሶስተኛ አመት ተማሪ ኮሪደር ላይ ወጥታ "አልማዝ!" ብላ ተጣራች፣ አንዲት እናት ብድግ ብለው መጡ፣ "አልማዝ ነዎት?" አለች፣ "አዎ ልጄ" አሉ፣ አስገባች፣ አስተኛች፣ ለወገብ ራጅ አዘጋጀቻቸው። ጣቷ ቁልፉ ላይ ሊያርፍ ሲል "እናቴ፣ የአባትዎ ስም ማን ነው?" አልኳቸው። ሌላ ሰው ናቸው። እሳቸው የመጡት ለደረት ነው፣ ወገብ የታዘዘላት አልማዝ ካርድ ክፍል ወረፋ ይዛ ነበር።

ይሄን ስንቴ እንዳየሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል፣ ስለዚህ ዛሬ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

"አልማዝ ነዎት?" ብላችሁ አትጠይቁ። የኛ ሰው ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ለጠየቀው ነገር ሁሉ መልሱ አዎ ነው። ባይሰማም አዎ፣ አማርኛው ባይገባውም አዎ፣ ወረፋው እንዳያልፈው ፈርቶም አዎ። "ስምዎን ከነአባትዎ ይንገሩኝ" በሉ፣ እሱ ይናገር እናንተ ወረቀቱን እያያችሁ አመሳክሩ። ሁለት መሀመድ አህመድ በአንድ ጠዋት የሚመጡበት ቀን ስላለ እድሜና ካርድ ቁጥርም እዩ። ከዛ "የቱ ጋ ነው ያመመዎት?" በሉ። ጉልበት ታዞለት ክንዱን የሚያሳያችሁ ካለ ቁሙ፣ ወይ ሰውየው ተሳስቷል ወይ ሀኪሙ ተሳስቷል ወይ ወረቀቱ የሌላ ሰው ነው፣ ሶስቱንም አይቻለሁ።

የዚህ ታናሽ ወንድም ማርከር ነው፣ ምስሉ ላይ ቀኝ ወይ ግራ የሚለው ምልክት። ከእርሳስ ብረት የተሰራችውን ማርከር ካሴቱ (ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ) ላይ ጣል ማድረግ ሁለት ሰከንድ አይፈጅም፣ ግን አሁን ዲጂታል ስለሆነ "በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ እጽፈዋለሁ" ትላላችሁ። በኋላ ማለት አምስት ሰው ካነሳችሁ በኋላ ማለት ነው፣ ያኔ የማን እግር ቀኝ እንደነበር ትዝ ሊላችሁ? ደግሞ ልቡ በቀኝ በኩል የተቀመጠ ሰው አለ፣ ብዙ አይገጥምም ግን አለ፣ ማርከር ካላደረጋችሁ ምስሉ የተገለበጠ መስሏችሁ "አስተካክላችሁ" ትልኩታላችሁ። እኔ ራሴ ተማሪ እያለሁ ግራ ቁርጭምጭሚት ላይ ቀኝ ብዬ ለጥፌ ነበር፣ ኦርቶፔዲኩ ፊልሙን ይዞ እስከ ራጅ ክፍሉ ድረስ መጣና ሰው ፊት "የትኛውን እግር ጄሶ ላድርግለት?" አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሜዲሲን አልደረሰኝም ብሎ ማዘን፦ ይገባኛል፣ አልቅሳችሁ ጨርሱና ወደ አናቶሚ ተመለሱ። ሲቲ ስካን ላይ ስትመጡ አናቶሚውን እንደ ዳቦ ተቆርጦ ነው የምታዩት፣ ያኔ ልጀምር ያለ ሁሉ ሲንከራተት አይቻለሁ።

ፊዚክሱን በሃንድአውት ብቻ ማለፍ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የኬቪ (የጨረሩ ጉልበት) እና ኤምኤኤስ (የጨረሩ ብዛት) ቻርት ገልብጦ መስራት ይቻላል፣ ቻርቱ ላይ የሌለ ሰው እስኪመጣ ድረስ። ወፈር ያለ ሰው ሲመጣ ኤምኤኤሱን ብቻ እያባዙ መሄድ የለመደባቸው አሉ፣ ኬቪውን 15 ከመቶ መጨመር (70 ከነበረ ወደ 80 ገደማ) ኤምኤኤሱን እጥፍ ከማድረግ ጋር እንደሚቀራረብ አንደኛ ደረጃ ነገር ነው፣ ግን ለፈተና ሸምድደውት ከፈተናው ጋር ወጥቷል። በኛ ጊዜ ጨረር ካበዛን ፊልሙ ጥቁር ብሎ ወጥቶ ያጋልጠን ነበር፣ ዳርክ ሩም ውስጥ ቆመን ነው የምናፍረው። ዲጂታሉ አያጋልጥም። እንደውም ጨረር ስታበዙ ምስሉ ይበልጥ ያምራል፣ እናንተ ተመሰገናችሁ፣ በሽተኛው ትርፉን ተሸክሞ ሄደ። ስለዚህ ምስሉ አማረ ብላችሁ አትፈንድቁ፣ ማሽኑ የሚያሳየውን የኤክስፖዠር ኢንዴክስ፣ ማለትም ምን ያህል ጨረር ምስሉ ላይ እንደደረሰ የሚናገረውን ቁጥር፣ እዩ።

ባጅ። ቲኤልዲያችሁን (የወሰዳችሁትን ጨረር የሚለካውን ባጅ) ጨረር በሚከላከለው ኤፕረን ላይ ሰክታችሁ ኤፕረኑን ራጅ ክፍሉ ውስጥ ሰቅላችሁ ወደ ቤት ትሄዳላችሁ። የሚለካው እኮ የእናንተን ሳይሆን የኤፕረኑን ነው። የሰራተኛ ገደብ በአምስት አመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው፣ በትክክል ለሚሰራ ሰው በጣም ሰፊ ነው፣ ግን ባጁ ውሸት ከተናገረ ምን ያህል እንደወሰዳችሁ ማን ያውቅላችኋል? ዋርድ ሄዳችሁ በተንቀሳቃሽ ማሽን ስታነሱ ደግሞ ጀግንነት የለም፣ የማንሻ ቁልፉን ገመድ ዘርግታችሁ ራቁ፣ ከአንድ ሜትር ወደ ሁለት ስትሄዱ ጨረሩ ወደ ሩብ ይወርዳል። ህጻን መያዝም የእናንተ ስራ አይደለም፣ ነፍሰ ጡር ያልሆነች እናቱ ወይ አባቱ ኤፕረን ለብሰው ይያዙት፣ እናንተ ነገም ከነገ ወዲያም እዛው ናችሁ።

እርግዝና ስትጠይቁ። ይሄን ማንም ክላስ ውስጥ አያስተምርም። የ18 አመት ልጅ ከአባቷ ጋር ገብታ "ነፍሰ ጡር ነሽ እንዴ?" ብትሏት ምን ትላለች? የለም ነዋ። ቤተሰቡን በትህትና አስወጡ፣ በሩን ዝጉ፣ "የወር አበባሽ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?" በሉ። "ከሚካኤል ማግስት" ትላችኋለች፣ ሚካኤል በ12 ነው፣ ማግስቱ 13፣ ሂሳቡን እናንተ ስሩ።

በቀን አቆጣጠር ከመጣን፣ ማሽኖቹ የፈረንጅ ናቸው። እናት "ልጄ በ2015 ነው የተወለደው" ስትል 2015ን እንዳለ ማሽኑ ላይ የሚሞላ ተማሪ አለ። ልጁ ሰባት ስምንት አመት ዘሎ አደገ ማለት ነው፣ ሲቲው ላይ ፕሮቶኮሉን በእድሜ የምትመርጡ ከሆነ የሶስት አመቱን ህጻን በትልቅ ልጅ ዶዝ ልታነሱት ነው። ደምሩበት።

የአንገት ነገር። መስቀል ያለበት ማተብ፣ ክታብ፣ ሹሩባ ላይ የተሰካ ጌጥ፣ ሁሉም ደረት ራጅ ላይ ይታያል። ወፍራም ሹሩባ እንኳ ሳንባው ጫፍ ላይ ወድቆ ሌላ ነገር ይመስላል። ግን "አውልቂው" ብሎ ማመናጨቅ አያስፈልግም፣ ማተቧን የማታወልቅ ሰው አለች፣ መስቀሉን ወደ አፏ ከፍ አድርጋ በከንፈሯ ትያዘው፣ ሹሩባውን ወደ ላይ ጠቅልሉት፣ አለቀ።

ኤምአርአይ ክፍል፦ ማግኔቱ ማሽኑ ስራ ባይኖረውም ሌሊትም እሁድም እየሳበ ነው። 1.5 ቴስላ ማለት ከምድር ማግኔት በ30 ሺህ እጥፍ አካባቢ ነው። በፈረንጆቹ 2001 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ አንድ የ6 አመት ልጅ ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ እያለ ወደ ክፍሉ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር ተስቦ ጭንቅላቱን መትቶት ሞቷል። ስለዚህ "ትንሽ ነው፣ ቶሎ እወጣለሁ" የሚል ተማሪ ስልኩንና መቀሱን ይዞ በሩ ላይ ሳየው እጮሃለሁ፣ ተቀየሙኝ ችግር የለም።

ለበሽተኛ ውጤት መንገር የለም። "ልጄ ምን አለበት?" ሲሏችሁ ፊታችሁም አይናገር።

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ 50 ከመቶ ማምጣት ግድ ነው፣ ለመጨረሻው ወር አትተዉት። ዲቪ የደረሳችሁ ደግሞ ዲግሪዬን ይዤ አሜሪካ ገብቼ በማግስቱ ስራ እጀምራለሁ ብላችሁ አታስሉ፣ እዛ ብዙ ቦታ የሚጠየቀው የኤአርአርቲ (የአሜሪካ የራዲዮግራፊ ባለሙያዎች መዝጋቢ ድርጅት) ፈተና የራሱ የትምህርት ፕሮግራም መስፈርት አለው፣ ሳትሄዱ ድረገጻቸው ላይ ገብታችሁ አንብቡት፣ ትራንስክሪፕታችሁንም ኮርስ ዝርዝራችሁንም እዚህ እያላችሁ አውጡ።

አንድ ቀረኝ፣ ትንፋሽ። ለደረት ራጅ "ትንፋሽ ይያዙ" ብቻ ካላችሁ ሰውየው ባዶ ሳንባውን ነው የሚይዘው፣ ልቡ ተልቆ ይወጣል፣ ሀኪሙ ልብ አብጧል ብሎ ሊያስብ ይችላል። "በደንብ ወደ ውስጥ ይሳቡ... ይያዙ" ነው። ከማንሳታችሁ በፊት አንዴ አብራችሁ ተለማመዱት። ከዛ ደግሞ "ይተንፍሱ" ማለትን አትርሱ። እኔ አንዴ ረስቼ ምስሉን እያየሁ ከተማሪዎች ጋር ወሬ ይዣለሁ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት አዛውንት ግድግዳውን እንዳቀፉ፣ ጉንጫቸው ተነፍቶ፣ በእጃቸው ብቻ "አሁንስ?" ይሉኛል።