ሶፋው ሰመጠ? መጀመሪያ ገልብጡት

ድሬ ላይ የቤት ዕቃ የሚያስረጁት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀትና በርጫ። ቀልዴን አይደለም። ሰው ከሰዓት በኋላ ሁሌ አንዱ ጥግ ላይ ነው የሚደገፈው፤ ቀድሞ የሚሰምጠውም ያው ጥግ ነው።

ሶፋው ሰመጠ

ሁሉም የሚያማው ስፖንጁን ነው። እኔም አምቼዋለሁ። የእናቴ ሶፋ መሃሉ ሲጎደጉድ አዲስ ስፖንጅ ገዛሁና በባጃጅ ጭኜ ከዚራ ሰፈር ድረስ አመጣሁት። ሁለት ሳምንት አልቆየም፣ ተመልሶ ጎደጎደ። እማዬ አየችውና «ብሩን ደቻቱ ወንዝ ብትወረውሪው ይሻል ነበር» አለች።

የዚያን ቀን ገለበጥኩት። ከሥር ያለውን ስስ ጨርቅ በካቻቢቴ ፈልቅቄ ሳነሳው የላስቲክ ጠፍሩ ደርቆ እንደ ቋንጣ ሆኗል። በጣቴ ሳብ ሳደርገው ቀጭ አለ።

ስለዚህ ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ገልብጡ። ጠፍሩን በእጃችሁ ተጫኑት። ከላላ ወይም ከተሰነጣጠቀ መድኃኒቱ አዲስ ጠፍር ነው። አንዱን ጫፍ አጥፋችሁ ድርብ አድርጋችሁ የሶፋው እንጨት ላይ ምቱት። ክፍተቱ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጠፍሩ 54 ሳንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉና ምልክቱ ማዶ እስኪደርስ ሳቡት። ሳይወጠር ከተመታ በወሩ ይላላል። አግድሙን አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያሳለፋችሁ ሸምኑት።

ስፕሪንግ ያለው ከሆነ ብዙ ጊዜ የሚለቀው መያዣው ነው። ሲጢጥ የሚለውም ሽቦው ከእንጨቱ ጋር ሲፋተግ ነው፤ መሃሉ ቁራጭ ቆዳ አስገቡ።

ጠፍሩም ስፕሪንጉም ደህና ከሆነ፣ እሺ፣ ጥፋተኛው ስፖንጁ ነው። ተጭናችሁ ስትለቁት ቶሎ ካልተመለሰ ወይም እንደ በሶ ከፈረፈረ አልቆለታል። ለመቀመጫ ጠጠር ያለውን፣ በሜትር ኩብ 30 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ግዙ። ሲቆረጥ ከልባሱ አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይብለጥ፣ ያኔ ጨርቁ ሙሉ ይሆናል።

ወንበሩ ይወዛወዛል

እዚህ አየሩ ደረቅ ነው። በደንብ ሳይደርቅ የተሠራ እንጨት ድሬ ሲገባ ውኃውን ይጥልና ይኮማተራል። ቀዳዳው ውስጥ የገባው ጫፍ ይቀጥናል፣ ኮላው ይለቃል። አቦ፣ ሚስማር እንዳትመቱበት! ደረቅ እንጨት ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ አናጺም አያድነው።

መገጣጠሚያውን በጨርቅ በተሸፈነ መዶሻ ቀስ እያላችሁ አላቁት። አሮጌውን ኮላ እንጨቱ እስኪታይ ፋቁት፤ አዲስ ኮላ በአሮጌው ላይ አይዝም። ከላላ ከመላጊያ የወጣ ስስ ልጣጭ ጠቅልሉበት። ኮላ ቀብታችሁ ግጠሙና እግሮቹን በገመድ አስራችሁ፣ ገመዱ መሃል እንጨት ከታችሁ እስኪጠብቅ አዙሩት። እስከ ነገ ማንም አይቀመጥበት። ሥራውን በጠዋት ጀምሩ፤ በቀትር ኮላው ሳትገጥሙት ይደርቃል።

ሌዘሩ ይላጣል

ይሄ መድኃኒት የለውም። ከላይ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን ሙቀት፣ ላብና የሰውነት ቅባት ጨርሰውታል። ቀለም ብትቀቡት ከነቀለሙ ይላጣል። ጨርቅ አልብሱት። አሮጌውን ግን አትቅደዱት፤ ስፌቱን ፍቱና እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ቁጥር ጽፋችሁ ለልክ ተጠቀሙበት። ስትመቱ ከየጎኑ መሃል ተነስታችሁ ወደ ጥግ ሂዱ፣ ፊት ለፊት ያሉትን ጎኖች እያፈራረቃችሁ። ከጥግ የጀመረ ሰው ሽብሽቡን መሃል ላይ ያገኘዋል።

ከሥሩ ዱቄት ይረግፋል

የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ብሶችና ደቃቅ ዱቄት ካያችሁ ነቀዝ ነው። ትንሽ ዕቃ ከሆነ በጥቁር ፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ለጥቂት ቀናት ጠራራ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ሙቀቱ እስከ እንጨቱ ውስጥ 55 ዲግሪ ከደረሰ ትሉ ይሞታል። ይህን ኮላ ከመቀባታችሁ በፊት አድርጉት፣ ፀሐዩ መገጣጠሚያ ያላላል።

የጭቃ መስመር ካያችሁ ግን ምስጥ ነው። ያኔ ሶፋውን ተዉትና ግድግዳውንና ወለሉን ፈትሹ፤ የመጣው ከዚያ ነው።