ያገለገለ መኪና በኢንተርኔት ሲገዙ የሚያጋጥሙ የክፍያ ማጭበርበሮች፦ ምልክት፣ ምክንያትና መፍትሄ

ያገለገለ መኪና ሲገዛ መጀመሪያ መኪናው ይታያል፣ ቀጥሎ ሰነዱ ይመረመራል፣ የሻጩም ማንነት ይጣራል፤ ገንዘቡ የሚከፈለው ከሁሉም በኋላ፣ ስመ ሀብቱ ሲዛወር ነው። በኢንተርኔት የሚፈጸሙ የክፍያ ማጭበርበሮች መልካቸው ቢለያይም ሁሉም የሚጥሩት ይህን ቅደም ተከተል ገልብጠው ክፍያውን ለማስቀደም ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ምልክት ሁሉ ሲያዩ ራስዎን የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ሰው የትኛውን ደረጃ ሊያዘልለኝ ይፈልጋል?

ዋጋው ከገበያው እጅግ ያነሰ ነው፤ ሻጩም መኪናውን ማሳየት አይችልም

ሻጩ ወደ ውጭ አገር ሄጃለሁ፣ በውትድርና ግዳጅ ላይ ነኝ፣ ወይም ባለቤቴ ስለሞተ መኪናውን ማየት አልፈልግም ይላል። ታሪኩ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ያስረዳለታል፦ መኪናው ለምን እንደረከሰና ለምን ሊታይ እንደማይችል። እውነቱ ግን ብዙውን ጊዜ መኪናው በእጁ አለመኖሩና ፎቶግራፎቹ ከሌላ ሰው ማስታወቂያ የተቀዱ መሆናቸው ነው።

ፎቶዎቹን በምስል ፍለጋ፣ ማለትም ፎቶው ራሱ በኢንተርኔት ሌላ የት እንደወጣ በሚያሳይ መፈለጊያ፣ ይፈትሹ፤ ያው መኪና በሌላ ከተማና በሌላ ዋጋ ከተገኘ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። ካልተገኘም ሻጩ በቪዲዮ ጥሪ መኪናውን እየዞረ እንዲያሳይዎትና የሻንሲ ቁጥሩን እንዲያነብልዎት ይጠይቁ። ዓለም አቀፉን ደረጃ የተከተለ የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች ሲኖሩት፣ ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ ሲባል አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ግን ከዚህ ያጠረ የፍሬም ቁጥር ስላላቸው፣ ቁጥሩ ስላጠረ ብቻ ሻጩን ሐሰተኛ ማለት አይገባም። ትክክለኛ የሚመስል ቁጥርም ቢሆን ከሌላ መኪና ሊቀዳ ስለሚችል፣ ወሳኙ በመኪናው አካል ላይ የተመታው ቁጥር፣ በበሩ ጠርዝ ላይ ያለው ምልክትና በሊብሬው ላይ የተጻፈው አንድ መሆናቸው ነው።

«ሌላ ገዢ መጥቷል፣ ቀብድ ቶሎ ይላኩ»

ጥድፊያው የሚፈጠረው ለማጣራት ጊዜ እንዳይኖርዎ ነው። መኪናውን ሳያዩ ቀብድ አይላኩ፤ ሌላ ገዢ ካለ ይግዛው።

ሻጩ ገንዘቡን በአደራ የሚይዝ ድርጅት ራሱ መረጠ

ይህ ከሁሉም ይልቅ ጠንቃቃውን ሰው የሚያጠምድ ዘዴ ነው፤ ምክንያቱም ጥንቃቄ መስሎ ይቀርባል። ገንዘቡ በሦስተኛ ወገን ዘንድ ይቆያል፣ መኪናው ደርሶ ካልወደዱት ይመለስልዎታል ይባላል። የሚላክልዎት የድረ ገጽ አድራሻ ግን አጭበርባሪው ራሱ የሠራው ነው፤ በገጹ ላይ ያለውን ስልክ ቢደውሉ የሚያነሳው እሱ ወይም ግብረ አበሩ ነው። አንዳንዶች የታወቀ የገበያ ድረ ገጽ ስምና ዓርማ ያለበት የክፍያ መጠየቂያ በኢሜይል ይልካሉ። የኢቤይ የተሽከርካሪ ግዢ ጥበቃ በዚህ መንገድ በተደጋጋሚ ስሙ ተነግዶበታል፤ ኢቤይ ግን የሚሸፍነው በራሱ ገጽ ላይ የተፈጸመን ግዢ ብቻ ነው።

በአንዳንድ የኢንተርኔት ማሰሻዎች በአድራሻው አጠገብ የሚታየው የጓጉንቸር ቁልፍ ምልክት ብዙዎችን ያሳስታል። ምልክቱ የሚናገረው በእርስዎና በገጹ መካከል የሚተላለፈው መረጃ መመስጠሩን እንጂ የገጹ ባለቤት ታማኝ መሆኑን አይደለም። የገጹ አድራሻ መቼ እንደተመዘገበ ሁኢዝ (WHOIS) በሚባለው የድረ ገጽ አድራሻዎች ምዝገባ መፈለጊያ ማየት ይቻላል፤ ለብዙ ዓመታት እንደሠራ የሚናገር ድርጅት አድራሻው የተመዘገበው ባለፈው ወር ከሆነ መልሱ ተገኝቷል። የአደራ አገልግሎት የሚያስፈልግ ከሆነም ፈቃድ ያለውን ድርጅት እርስዎ ይምረጡ፣ አድራሻውንም በእጅዎ ይጻፉ እንጂ የተላከልዎትን ማስፈንጠሪያ አይንኩ።

ክፍያው በስጦታ ካርድ ወይም በቢትኮይን እንዲሆን ተጠየቀ

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ገንዘቡ አንዴ ከሄደ አይመለስም። የስጦታ ካርድ ቁጥር በፎቶ ከተላከ በደቂቃዎች ውስጥ ባዶ ይሆናል። የኢንተርኔት ክፍያ አገልግሎት የሆነው ፔይፓልም ለመኪና መጠጊያ አይሆንም፤ የግዢ ጥበቃው ተሽከርካሪን አይጨምርም፣ ለወዳጅና ለቤተሰብ በሚላክበት መንገድ የተከፈለ ገንዘብ ደግሞ ከመጀመሪያውም ጥበቃ የለውም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጣ ድርድሩን ማቆም እንጂ ሌላ መፍትሄ መፈለግ አያስፈልግም።

መኪናውን አይተዋል፣ ነድተዋል፤ ግን የሚያሳየው ሰው ስለ ዋጋው መናገር አይፈልግም

«መኪናውን ሳላይ አልከፍልም» የሚለው ምክር እዚህ ላይ ብቻውን አይበቃም። አጭበርባሪው የእውነተኛ ሻጭን ማስታወቂያ ቀድቶ ዋጋውን ቀንሶ ያወጣዋል። ለእውነተኛው ሻጭ «ወንድሜ መጥቶ ያየዋል፣ ገንዘቡን የምከፍለው እኔ ስለሆንኩ ዋጋ አይንገሩት» ይለዋል። ለእርስዎ ደግሞ «መኪናውን የሚያሳይዎት የአጎቴ ልጅ ነው፣ ስለ ዋጋው ከእኔ ጋር ብቻ ይነጋገሩ» ይላል። ሁለት ቅን ሰዎች በእውነተኛ መኪና አጠገብ ይገናኛሉ፣ ሰነዱም ትክክለኛ ይሆናል፣ ገንዘቡ ግን ወደ ሦስተኛው ሰው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሻጩ ያልተከፈለበትን መኪና አያስረክብም፣ ገዢውም ከፍያለሁ ብሎ ይሟገታል፤ እርስ በርስ አጭበርባሪ ሲባባሉ ዋናው ሰው ስልኩን ዘግቶ ይጠፋል።

መፍትሄው በጣም ቀላል ነው፣ ግን የታዘዙትን ዝምታ ማፍረስ ይጠይቃል። መኪናው አጠገብ ቆመው ለሚያሳይዎት ሰው ባለቤቱ ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሚሸጥና ገንዘቡ በማን ሒሳብ እንደሚገባ በግልጽ ይጠይቁት። ከዚያም የሊብሬው ስም፣ የመታወቂያው ስምና የባንክ ሒሳቡ ስም አንድ መሆናቸውን ያረጋግጡ። ሽያጩ በውክልና ከሆነ ውክልናው መሸጥንና ገንዘብ መቀበልን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑንና አለመሻሩን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ያጣሩ። ክፍያውን በሥራ ሰዓት፣ ባለቤቱ በተገኘበት፣ ባንክ ውስጥ መፈጸም ይመረጣል፤ ይህ ብዙ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ከመዞር አደጋም ያድናል።

በመጨረሻው ሰዓት የሒሳብ ቁጥሩ ተቀየረ የሚል ኢሜይል መጣ

የሻጩ ኢሜይል ተጠልፎ ሊሆን ይችላል። መልእክቱን ሳይመልሱ፣ ቀድሞ በሚያውቁት ስልክ ደውለው ቁጥሩን በቃል ያረጋግጡ።

ገንዘቡ አስቀድሞ ተልኳል፤ ሻጩም ጠፍቷል

መጀመሪያ የሚደወለው ወደ ባንክዎ ነው፤ ዝውውሩ እንዲታገድና እንዲመለስ ወዲያውኑ ይጠይቁ፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ከተቀባዩ ሒሳብ ሳይወጣ የመድረስ ዕድሉ በየሰዓቱ ይጠብባል። በካርድ ከፍለው ከሆነ ለካርዱ ሰጪ የክፍያ ተቃውሞ ያቅርቡ። ማስታወቂያውን፣ የመልእክት ልውውጡንና ደረሰኙን ከመጥፋታቸው በፊት በስክሪንሾት ያስቀሩና ለፖሊስ ያመልክቱ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የጠፋውን ገንዘብ አስመልሳለሁ የሚል ሰው ሊደውልልዎት ይችላል፤ የመኪናውን ዓይነትና የከፈሉትን ልክ ያውቃል፣ ጠበቃ ወይም መርማሪ ነኝ ይላል፣ ከዚያም የአገልግሎት ክፍያ በቅድሚያ ይጠይቃል። ዝርዝሩን ያወቀው ያጭበረበረዎት ሰው ራሱ ስለሆነ ወይም ከእሱ ስለገዛው ነው።