ኮከብ ኳርተርባኩ ጫማውን ሲሰቅል ቡድኑን እንዴት እንመዝን?

በአሜሪካ ፉትቦል የማጥቃቱ ጨዋታ ሁሉ በኳርተርባኩ እጅ ያልፋል። ለማን እንደሚወረውር የሚወስነው በሁለት ሦስት ሰከንድ ውስጥ ነው፤ ያውም ግዙፍ ተከላካዮች እየተንደረደሩበት። እንዲህ ያለ ሰው ጡረታ ሲወጣ ደጋፊው «በቃ፣ አለቀልን» ቢል አይፈረድበትም። ግን ሁሌም አያልቅም። ቀጣዩን ሲዝን ስትከታተሉ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ምሳሌዬን ከዴንቨር ያበዛሁት እዚያና ጎረቤቷ ኦሮራ ውስጥ ብዙ ሐበሻ ስላለ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ስሙን ትታችሁ የመጨረሻ ዓመቱን እዩ

ኳርተርባኩ ፔይተን ማኒንግ በ2013 ለዴንቨር ብሮንኮስ 55 ኳስ ለታችዳውን (ኳሱን እስከ ተጋጣሚ ጎል ክልል አድርሶ ነጥብ ለማስቆጠር) አቀብሏል። በ2015፣ በመጨረሻ ዓመቱ፣ ያቀበለው 9 ብቻ ነው። ለተጋጣሚ ያስጠለፈው ደግሞ 17። ቡድኑ ግን ካሮላይናን 24 ለ 10 ረትቶ ሱፐር ቦሉን፣ የሊጉን የፍጻሜ ጨዋታ፣ ወሰደ። ተሸክሞ እዚያ ያደረሰው የተከላካይ ክፍሉ ነበር። የጨዋታው ኮከብ ተብሎ የተመረጠውም ተከላካዩ ቮን ሚለር ነው። ስለዚህ ማኒንግ ሲሄድ ቡድኑ ወዲያው አልተናደም። ከ12 ድል ወደ 9 ወረደ፣ ፕሌይኦፍም (ከመደበኛው ሲዝን በኋላ ያለው የጥሎ ማለፍ ውድድር) አመለጠው።

2. አብሮት ማን እንደጎደለ ጠይቁ

እዚያው ዴንቨር፣ ጆን ኤልዌይ በ1998 በ14 ድልና በ2 ሽንፈት፣ በዋንጫም ታጅቦ ጨረሰ። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ 6 አሸንፎ 10 ተሸነፈ። ሁሉንም በኤልዌይ መሄድ ማሳበብ ይቀላል። ነገር ግን በ1998 ከ2,000 ያርድ በላይ የሮጠው ቴረል ዴቪስም በ1999 አራተኛው ጨዋታ ላይ ጉልበቱን ተጎድቶ ከሜዳ ርቋል።

3. የሄደበትን ወር አትርሱ

በማርች የሄደ ሰው ለቡድኑ ጊዜ ይሰጣል። የተጫዋቾች ገበያው ገና መከፈቱ ነው፣ ቡድኖች አዳዲስ የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ድራፍትም በኤፕሪል ይመጣል። አንድሪው ላክ ግን ከኢንዲያናፖሊስ ኮልትስ የተሰናበተው ኦገስት 24፣ 2019 ነው። ሲዝኑ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ነበር የቀረው። ገና 29 ዓመቱ ነበር፤ ጉዳት በጉዳት ላይ ተደራርቦበት ሰልችቶታል። ወሬው በወዳጅነት ጨዋታ መሃል ወጣና ከሜዳ ሲወጣ የገዛ ደጋፊዎቹ ጮኹበት። ያሳዝናል። ከ10 ድል ወደ 7 የወረደው ቡድን ምትክ ለመፈለግ ጊዜ አላገኘም።

4. ሒሳቡን አስሉ

ለተጫዋቹ ቀድሞ የተከፈለው ጉርሻ በደሞዝ ጣሪያው (ቡድን በዓመት ለተጫዋቾቹ እንዲያወጣ በተፈቀደለት ገንዘብ) ላይ በየዓመቱ ተከፋፍሎ ይመዘገባል። ሰውየው ሲሄድ ቀሪው ቡድኑ ላይ ይወድቃል። ታምፓ ቤይ በ2023 ጡረታ ከወጣው ኳርተርባኩ ከቶም ብሬዲ የተረፈ 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸክሞ ነበር። ስለዚህ በእሱ ምትክ ቤከር ሜይፊልድን በርካሽ የአንድ ዓመት ውል አመጣ። ብሬዲ በመጨረሻ ዓመቱ 8 ጨዋታ ሲያሸንፍ ሜይፊልድ 9 አሸነፈ። በፕሌይኦፉም ፊላደልፊያን 32 ለ 9 ረታ።

5. በመጀመሪያው ዓመት አትፍረዱ

ለእኔ ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው። ዴንቨር ከማኒንግ በኋላ በነበሩት ስምንት ሲዝኖች፣ ከ2016 እስከ 2023፣ አንዴም ፕሌይኦፍ አልገባም። ከ10 በላይ ኳርተርባክ ቀያየረ። ኖቬምበር 29፣ 2020 ላይ የሆነውን ብቻ እዩ። ኳርተርባኮቹ በሙሉ በኮሮና ሕግ ከጨዋታ ውጭ ሆኑ። በኮሌጅ ዘመኑ ኳርተርባክ የነበረ፣ አሁን ግን ኳስ ተቀባይ የሆነ ኬንዳል ሂንተን የሚባል ተጠባባቂ በዋዜማው ተጠራ። 9 ወርውሮ አንዷ ብቻ ከጓደኛው እጅ ገባች። ሁለቱን ኒው ኦርሊንስ ጠለፈ፣ ጨዋታውም 31 ለ 3 አለቀ። ያን ቀን እምቢ ሳይል በመሰለፉ ብቻ እጅግ አከብረዋለሁ።

ከዚያ ዴንቨር ትዕግስቱ አልቆ በ2022 ኳርተርባኩን ራስል ዊልሰንን በውድ አመጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲያሰናብተው 85 ሚሊዮን ዶላር በደሞዝ ጣሪያው ላይ ቀረበት። እንዲህ ያለ ትልቅ ግዢ ስታዩ ቡድኑ የድሮውን ሰው እየፈለገ እንደሆነ ጠርጥሩ።

መፍትሔው የመጣው ከድራፍቱ ነው። በ2024 በ12ኛ ምርጫ የተወሰደው ኳርተርባክ ቦ ኒክስ በዚያው ዓመት በ10 ድል ፕሌይኦፍ አስገባቸው። ቡፋሎ በመጀመሪያው ዙር 31 ለ 7 አሰናበታቸው እንጂ።